«ይቅርታ፣ ማን ነሽ?»

ጤና ይስጥልኝ፣ ውድ አማካሪ።

የሴቶችና የልጆች ልብስ ፓተርን አዘጋጅቼ ኦንላይን መሸጥ ከጀመርኩ ሦስት ዓመት ሆኖኛል። ሰዎች ፋይሉን ገዝተው ያወርዳሉ፤ ቤታቸው አትመው ይቆርጡታል፣ ይሰፉታል። ሥራዬን እወደዋለሁ። ሌሊት ተነስቼ የእጅጌ መስመር የማስተካክል ሰው ነኝ።

እስካለፈው ዓመት ድረስ ደንበኛ የማገኘው በማኅበራዊ ሚዲያ ገጼ ብቻ ነበር። 11 ሺህ ተከታይ አለኝ። አንድ ቀን ጠዋት ስነሳ ገጹ ተዘግቷል። ምክንያቱን የነገረኝ የለም። ከዘጠኝ ቀን በኋላ ራሱ ተከፈተ። በእነዚያ ቀናት ግን ከእኔ ከገዙት ሰዎች አንዷን እንኳ የማገኝበት መንገድ እንደሌለኝ ገባኝ። ኢሜይል መሰብሰብ አለብኝ ያልኩት ያኔ ነው።

የስፌት መኪና በዕጣ እሰጣለሁ ብዬ አስተዋወቅሁ። በሁለት ሳምንት 1,400 ሰው ተመዘገበ። ቀድሞ የገዙኝን 260 ሰዎችም ጨመርኩበት። ደስታዬን አልነግርዎትም። ከዚያ በኋላ ግን ሰባት ወር ሙሉ ምንም አልጻፍኩም። ልጽፍ እቀመጥና «እኔ ማን ነኝና ነው ሰው ኢንቦክስ ውስጥ ዘው የምለው?» እላለሁ። እዘጋዋለሁ።

ባለፈው ወር ደፍሬ፣ ከድሮው የጂሜይል አድራሻዬ፣ ለሁሉም የ30 በመቶ ቅናሽ ላክሁ። 143ቱ አድራሻው የለም ተብሎ ተመለሰ። 88 ሰው ከዝርዝሩ ወጣ። የገዙት ሦስት ናቸው። ኢሜይል የምልክበት አገልግሎትም ማስጠንቀቂያ ጻፈልኝ። ከሁሉ የባሰብኝ ግን የአንዲት ሴት መልስ ነው። «ይቅርታ፣ ማን ነሽ? ኢሜይሌን ከየት አገኘሽው?» ትላለች። ኮምፒውተሩን ዘግቼ አለቀስኩ።

ባለቤቴ ሳለቅስ አይቶ ሆዱ ተንቦጫቦጨ። በማግስቱ 20 ሺህ የኢሜይል አድራሻ የሚሸጥ ሰው አገኘሁ አለኝ። «ቁጥሩ ሲበዛ የሚገዛም ይበዛል፣ ሒሳብ ነው» ይላል። እኔን ደስ አላለኝም። ለምን እንደሆነ ግን ማስረዳት አቃተኝና ተጨቃጨቅን። አሁን እሱም ዝም፣ እኔም ዝም። ልግዛው? ሁሉንም ልተወው? ወይስ ደግሜ ልጻፍ? ለመሆኑ ሰው ሳላሰለች እንዴት ነው የምጽፈው?

ፓተርን ሠሪዋ ነኝ

ውድ እህቴ፣

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ለዚያች ሴት መለስሽላት?

ደብዳቤሽ ላይ አልነገርሽኝም፤ ስለዚህ አልመለስሽላትም ብዬ እገምታለሁ። በዚያ ቀን ቢሆን እኔም አልመልስም ነበር። አሁን ግን ትንሽ ቀን አልፏልና እስኪ የጻፈችውን ደግመሽ አንብቢው። ስድብ የለበትም። የጀመረችውም «ይቅርታ» ብላ ነው። ሁለት ጥያቄ ጠይቃሻለች፤ ሁለቱም እውነተኛ መልስ አላቸው። ከ1,660 ሰው መካከል ቁጭ ብላ የጻፈችልሽ ደግሞ እሷ ብቻ ናት። ሌላው አይቶ አልፏል፣ ወይም ወጥቷል፣ ወይም ጭራሽ አላየውም። እሷ ግን አነጋገረችሽ።

ስለዚህ ከዝርዝሩም ከቁጥሩም በፊት ለእሷ እንመልስላት። የምትልኪበት አገልግሎት ማን በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ቅጽ እንደተመዘገበ መዝግቦ ይይዛል። ስሟን ፈልጊና ቀኑን አውጪው። ከዚያ እንዲህ ብለሽ ጻፊላት፦ «ጤና ይስጥልኝ። የልብስ ፓተርን እያዘጋጀሁ የምሸጥ ነኝ። የስፌት መኪና በዕጣ ባወጣሁ ጊዜ ተመዝግበው ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰባት ወር ስለጠፋሁ ማን እንደሆንኩ ቢረሱ ጥፋቱ የእኔ ነው። ካልፈለጉ ዛሬውኑ አድራሻዎን አጠፋለሁ። ስፌት የሚወዱ ከሆነ ግን ቢቆዩ ደስ ይለኛል።» በቃ፣ ይሄው ነው። ቅናሽ አትጨምሪበት፣ ሊንክም አትጨምሪበት።

ይህን ያስቀደምኩት እሷን ለማስደሰት ብቻ አይደለም። አንቺን ያሳመመሽ ጥያቄዋ ራሱ ልክ ስለሆነ ነው። ሰባት ወር ረጅም ጊዜ ነው። ከዓይን የራቀ ከልብ ይርቃል። ሰው ያኔ የተመዘገበው ስልኩን ይዞ፣ ምናልባት ሌላ ነገር እየሠራ፣ በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ነው። የመጀመሪያው ደብዳቤሽ በዚያው ቀን ደርሶት ቢሆን ኖሮ ስምሽና ሥራሽ አብረው ይያዙለት ነበር። ዝም ስላልሽ ግን የቀረለት የስፌት መኪናው ብቻ ነው። እሱም ለሌላ ሰው ወጥቷል።

እስኪ ደግሞ ይሄን አስቢው። እነዚያ 1,400 ሰዎች «እሺ» ያሉት ለምንድን ነው? ለመኪናው ነው። ዕጣ የሚወድ ሰው ሁሉ ስፌት አይወድም። አንዳንዱ ለዕጣው ብሎ ብቻ የከፈተውን አድራሻ ነው የሰጠሽ፤ አንዳንዱ ፊደል ስቶ ጽፏል። 143ቱ የተመለሱት ከዚህ ይመስለኛል። በአንጻሩ 260ዎቹ ገንዘብ ከፍለው ፓተርንሽን አውርደዋል። ወረቀቱን መሬት ላይ ዘርግተው፣ በማጣበቂያ አያይዘው፣ በመስመርሽ ላይ ቆርጠዋል። አንዳንዷ አሁን ያንን ልብስ ለብሳዋለች። እነዚህንና እነዚያን አንድ ላይ ደባልቀሽ አንድ ዓይነት ደብዳቤ ነው የላክሽላቸው። እስኪ ሦስቱ ገዢዎች ከየትኛው ወገን እንደሆኑ እይው። ሦስቱም ከ260ዎቹ ቢሆኑ አልደነቅም።

አሁን ወደ ባለቤትሽ ልምጣ።

እሱ ስታለቅሺ አይቶ ዝም አላለም። የመሰለውን መፍትሔ ፈልጎ መጥቷል። ሐሳቡን አለመቀበልና የእሱን ጭንቀት አለመቀበል አንድ እንዳይሆኑባችሁ እፈራለሁ። ከሒሳቡ ክርክር በፊት «ሳለቅስ ስላየኸኝ እንደሆነ ገብቶኛል» ብትይው ምን ይመስልሻል? ዝምታችሁን የሚሰብረው ይህ ቃል ይመስለኛል።

ሒሳቡ ግን ትክክል አይደለም። ለምን ደስ እንዳላለሽ ማስረዳት አቃተኝ ብለሻልና እኔ ልሞክርልሽ። 20 ሺዎቹ ሰዎች ለአንቺ «እሺ» አላሉሽም። ስምሽንም አያውቁም። 1,400ዎቹ ቢያንስ አንድ ጊዜ አይተውሻል፤ ያም ሆኖ «ማን ነሽ?» ተብለሻል። እነዚህማ ይህን ጥያቄ በሙሉ መብት ነው የሚጠይቁሽ። ብዙዎቹ ደግሞ አይጠይቁሽም፤ «ስፓም»፣ ማለትም ያልተፈለገ ደብዳቤ፣ የምትለውን ቁልፍ ተጭነው ያልፋሉ። መዘዙ ያለው እዚያ ላይ ነው። ጉግልና ያሁ እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2024 ጀምሮ ብዙ ኢሜይል በሚልኩ ሰዎች ላይ ደንቡን አጥብቀዋል። ጉግል «ስፓም ነው» የሚሉሽ ሰዎች ድርሻ 0.3 በመቶ እንዳይደርስ ይጠይቃል፤ ከ0.1 በመቶ በታች ቢሆን ደግሞ ይመረጣል ይላል። 0.3 በመቶ ማለት ከሺህ ሰው ሦስት ማለት ነው። ከ20 ሺህ ውስጥ 60 ሰው ቢጫንብሽ ጣራው ላይ ነሽ። ከዚያ በኋላ ለእነዚያ መልካም 260 ሰዎች የምትልኪው ደብዳቤ ጭምር ስፓም ውስጥ መውደቅ ይጀምራል። በገዛ ገንዘብሽ የራስሽን በር ዘጋሽ ማለት ነው።

ሌላም አለ። በሚሸጡ ዝርዝሮች ውስጥ የወጥመድ አድራሻዎች ይገኛሉ። ማንም የማይጠቀምባቸው፣ ያለ ፈቃድ የሚልክን ሰው ለመያዝ ብቻ የተቀመጡ አድራሻዎች ናቸው። እነሱ ላይ ከላክሽ የጥቁር መዝገብ ውስጥ፣ ማለትም ደብዳቤያቸው የሚታገድባቸው ላኪዎች ዝርዝር ውስጥ፣ ልትገቢ ትችያለሽ። የታወቁት የኢሜይል አገልግሎቶችም የተገዛ ዝርዝርን በደንባቸው ይከለክላሉ፤ አካውንትሽን ሊዘጉት ይችላሉ። አንድ ማስጠንቀቂያ ደግሞ ቀድሞውኑ ደርሶሻል። ከደንበኞችሽ መካከል በአውሮፓ ኅብረት አገሮች የሚኖሩ ካሉ እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2018 ጀምሮ የሚሠራ የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ አለ፤ በዚያ ሕግ አስቀድሞ ምልክት የተደረገበት ሳጥን እንኳ እንደ ፈቃድ አይቆጠርም።

ነገሩ አዲስም አይደለም። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1978፣ ኢንተርኔት ገና አርፓኔት በሚባልበት ዘመን፣ አንድ የኮምፒውተር ኩባንያ የሽያጭ ሠራተኛ ለ400 ያህል ሰዎች ሳይጠይቃቸው ማስታወቂያ ላከ። ሰዎቹ ተቆጡ። የመጀመሪያው ስፓም እየተባለ እስከ ዛሬ የሚነሳው እሱ ነው። ሰው ያልጠራው እንግዳ ሲገባበት የሚሰማው ስሜት ያኔም ያው ነበር። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የምንለው እንዲህ ላለው ነው፤ እባክሽ አትግዢው።

ለባለቤትሽ ግን እውነተኛ ሥራ አለኝ። ከድሮው የጂሜይል አድራሻዬ ላክሁ ብለሻል። ይሄ ራሱ አንድ ችግር ነው። በጂሜይል ስም፣ ግን ከጂሜይል ውጭ ባለ አገልግሎት በኩል የሚመጣን ደብዳቤ ተቀባዩ ሰርቨር በጥርጣሬ ነው የሚያየው። የራስሽ ዶሜይን ያስፈልግሻል፤ በሥራሽ ስም የሚጠራ አድራሻ። ዶሜይኑ ላይ ሦስት ነገሮች ይስተካከላሉ። ኤስፒኤፍ የሚባለው በስምሽ እንዲልክ የተፈቀደለት ማን እንደሆነ ይናገራል። ዲኬአይኤም እንደ ማኅተም ነው፤ ደብዳቤው መንገድ ላይ እንዳልተነካ ያሳያል። ዲማርክ ደግሞ እነዚያ ሳይሟሉ በስምሽ የመጣ ደብዳቤ ምን ይደረግ የሚለውን ይወስናል። ስማቸው ያስፈራል እንጂ የምትጠቀሚበት አገልግሎት የሚሰጥሽን ጽሑፍ ኮፒ አድርጎ የዶሜይኑ ቅንብር ውስጥ ማስገባት ነው። የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ልርዳሽ ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ እርዳታ የለም።

ከዚህ ሁሉ መሃል ሳላነሳልሽ የማላልፈው አንድ ነገር አለ። ኢሜይል መሰብሰብ የጀመርሽበት ምክንያት ትክክል ነበር። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 4 ቀን 2021 ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ዋትስአፕ ለስድስት ሰዓት ያህል ባንድ ላይ ሲጠፉ፣ ሥራቸው ሁሉ እዚያ ላይ ያለ ሰዎች አንቺ በዘጠኝ ቀን ያየሽውን በጥቂቱ ቀምሰዋል። ማኅበራዊ ገጽሽ የኪራይ ቤት ነው። የኢሜይል ዝርዝርሽ ግን እንደ አንድ ፋይል አውርደሽ እጅሽ ላይ የምታስቀምጪው ነገር ነው። አገልግሎቱ ቢዘጋብሽ ወደ ሌላ ይዘሽው ትሄጃለሽ። በየወሩ መጀመሪያ አውርጂው። ደግሞ የሰው አድራሻ ነውና ማንም የማያገኘው ቦታ አስቀምጪው።

ዝርዝሩን ታዲያ ምን እናድርገው? የተመለሱትን 143 አጥፊያቸው። 88ቱን እርሻቸው፤ እንዲያውም መልካም አድርገውልሻል። ወይ ይወጣሉ፣ ወይ ስፓም ብለው ይጫኑብሻል፤ እነሱ በሩን ፈልገው በሰላም ወጥተዋል። በሩን ደግሞ በጉልህ አሳዪው። በትንንሽ ፊደል ገጹ ግርጌ መደበቅ ለማንም አይጠቅምም። መውጣት የፈለገ ሰው በሁለት ቀን ውስጥ ከዝርዝሩ መውጣት እንዳለበትም ጉግልና ያሁ ለብዙ ላኪዎች ባወጡት ደንብ ላይ አለ።

1,429 ሰው ይቀርሻል። መጀመሪያ ለገዢዎችሽ ብቻ ጻፊ። ከዚያ ለዕጣው ሰዎች፣ በአንድ ቀን ለሁሉም ሳይሆን በየቀኑ ለሁለት መቶ ያህል። ደብዳቤው አጭር ይሁን። ማን እንደሆንሽ፣ የት እንደተመዘገቡ፣ ለምን እንደጠፋሽ፣ ከአሁን በኋላ ምን እንደምትልኪ። መጨረሻው ላይ «መቆየት እፈልጋለሁ» የሚል አንድ ሊንክ አድርጊ። ከአሥር ቀን በኋላ ላልተጫኑት አንድ ጊዜ ብቻ አስታውሺያቸው። ከዚያም ካልተጫኑ አጥፊያቸው።

ይሄ የሚያም መሆኑን አውቃለሁ። ያ 1,400 የሚለው ቁጥር ብዙ ነገር ነው ያሸከመሽ። ሦስት መቶ ሰው ሊቀርሽ ይችላል፤ መቶም ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ ሲወርድ ስታዪ «ከሰርኩ» የሚል ስሜት ይመጣብሻል። እስኪ ግን መቶ ሰው አንድ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብለው ስለ ልብስ ስፌት ሊሰሙሽ ሲጠብቁ በዓይንሽ አስቢ። ጉሮሮሽ አይደርቅም? እኔ ጉሮሮዬ ይደርቃል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄሽ። ሰው ሳላሰለች እንዴት ነው የምጽፈው?

እስኪ አንቺ ራስሽ የምትጠብቂው ኢሜይል አለ? ከአንድ ሰው ሲመጣ ሥራሽን አቁመሽ የምትከፍችው? ካለ፣ ለምንድን ነው የምትከፍችው? መልሱን ወረቀት ላይ ጻፊው። ስለ ቅናሽ ነው ብለሽ እንደማትጽፊ እርግጠኛ ነኝ። የሚጠቅምሽን ነገር ስለሚነግርሽ ነው፤ ወይ ደግሞ ሰውዬው ሲጽፍ ድምፁ ስለሚሰማሽ ነው።

ያንቺ ደንበኞች ምን እንደሚጨንቃቸው ከአንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። የሦስት ዓመት መልእክቶችሽን ክፈቺና የጠየቁሽን ጥያቄ በሙሉ ወደ አንድ ደብተር ገልብጪ። እኔ ስፌት ብዙም አላውቅም፤ ግን ፓተርን አትሞ የሰፋ ሰው የት እንደሚሳሳት ሰምቻለሁ። ማተሚያው ወረቀቱ ላይ እንዲበቃ ብሎ ፋይሉን ትንሽ ያሳንሰዋል። ቀሚሱ ተሰፍቶ ሲያልቅ በአንድ ቁጥር ጠቦ ይገኛል፤ ሴትዮዋ ወይ ሰውነቷን ትወቅሳለች፣ ወይ አንቺን ትወቅሳለች። መፍትሔው መቶ በመቶ ላይ ማተምና የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ አውጥቶ የመለኪያዋን ካሬ፣ ልኳ አስቀድሞ የተጻፈባትን ትንሽ ሳጥን፣ በማስመሪያ መለካት ነው። አየሽ፣ ይሄ አንድ ሙሉ ደብዳቤ ነው። ርዕሱም «ቀሚሱ ለምን ጠበበ?» ሊሆን ይችላል። ጨርቅ ገዝታ መቀሷን ያነሳች ሴት ይሄንን ሳትከፍት ታልፋለች?

እጅጌ ሲገጠም ለምን ይሸበሸባል የሚለውም ሌላ ደብዳቤ ነው። የእጅጌው አናት ከሚገባበት ክፍት ቦታ ትንሽ እንዲረዝም ተደርጎ እንደሚቆረጥ፣ ትርፉም በሁለት መስመር ላላ ያለ ስፌት ቀስ ተብሎ መከፋፈል እንዳለበት አንቺ ሌሊት ተነስተሽ የምታስተካክይው ነገር ነው። ለአንቺ ተራ ነገር ነው። ለእነሱ ግን ሦስት ጊዜ አፍርሰው የሰፉት ትከሻ ነው።

እነዚህን ስትጽፊ ሰው ቤት ዘው አላልሽም። የተጠየቅሽውን ነው የመለስሽው።

በአማርኛ ስንጽፍ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጭንቀት አለብን። አንቺ ልበል? እርስዎ ልበል? እናንተ? ከማሽን የሚወጣ ደብዳቤ «ውድ» ብሎ ስም ለጥፎ ይቀጥልና ወዲያው ሴቷን «አንተ» ይላታል። ያን ጊዜ ሰውዋ ከማን ጋር እንደሆነች ይገባታል። እኔ ብሆን ለሁሉም «እናንተ» ከማለት ይልቅ አንዲት የማውቃት ደንበኛ መርጬ፣ ፊቷን እያሰብኩ እጽፋለሁ። ለእሷ ከጻፍሽ በኋላ አንቱታውን ማስተካከል ቀላል ነው። ለ«ውድ ደንበኞቻችን» ብለሽ ከጀመርሽ ግን ሞቅ ያለ ነገር መጻፍ ይከብድሻል።

በየሁለት ሳምንቱ፣ በአንድ የታወቀ ቀን ጻፊ። በየቀኑ እጽፋለሁ ብለሽ በወሩ ከምትጠፊ፣ የምትችይውን ብቻ ቃል ግቢ። ስትሸጪ ደግሞ ሳታፍሪ ሽጪ። አዲስ ፓተርን ስታወጪ «ይሄን ሠርቻለሁ፣ ለዚህ ዓይነት ሰው ይሆናል፣ ለዚያኛው አይሆንም» በይ። ሦስት አራት ጊዜ ከጠቀምሻቸው በኋላ አንድ ጊዜ ግዙኝ ማለት ልመና አይደለም። ቅናሽን ግን ሰላምታ አታድርጊው። ባለፈው ሳምንት በሙሉ ዋጋ የገዛችሽ ሴት ዛሬ 30 በመቶ ተቀንሶ ስታየው ምን ይሰማታል? ቅናሽ ከሰጠሽ ቀድመው ለገዙሽ ስጪ።

አዲስ ሰው ለመጨመርም ዕጣ አያስፈልግሽም። አንዲት ትንሽ ፓተርን አዘጋጂ፤ በአንድ ከሰዓት ተሰፍታ የምታልቅ፣ እንደ ቦርሳ ያለች። ኢሜይሉን ለሚሰጥሽ ሰው በነጻ ስጪ። ቦርሳ ለመስፋት ብሎ የሚመዘገብ ሰው ስፌት የሚወድ ሰው ነው። መመዝገቢያው ላይ ምን እንደምትልኪና በየስንት ጊዜው እንደሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር ንገሪው። ሲመዘገብ ማረጋገጫ ኢሜይል ይሂድለት፤ እሱን ተጭኖ ሲያረጋግጥ ብቻ ዝርዝሩ ውስጥ ይግባ። የተሳሳተ አድራሻና በሰው ስም የተመዘገበ ሁሉ እዚያው ይቀራል። ወዲያው ደግሞ የመጀመሪያው ደብዳቤሽ ይድረሰው፤ ከፓተርኑ ጋር፣ ስለ መለኪያዋ ካሬ ከሚናገረው ምክር ጋር። ከሦስት ቀን በኋላ ሁለተኛ ደብዳቤ ላኪና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቂ፦ «አሁን ምን እየሰፋሽ ነው?» ለሚመልሱልሽ በእጅሽ መልሺ። እነዚህን ሁለቱን አንድ ጊዜ ጽፈሽ አገልግሎቱ ራሱ እንዲልካቸው ማድረግ ትችያለሽ፤ ሰባት ወር የመጥፋቱ ነገር ዳግመኛ አይደርስብሽም።

ውጤቱን ስትከታተዪ «ስንት ሰው ከፈተው» በሚለው ቁጥር አትደሰቺ፣ አትዘኚም። አፕል እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2021 ወዲህ በሜይል አፑ የሚገባውን ደብዳቤ ምስል አስቀድሞ ስለሚጭን፣ ሰው ያልነካውም እንደተከፈተ ሆኖ ይቆጠራል። ስንት ሰው መለሰልሽ? ስንት ሰው ሊንኩን ተጫነ? ስንቱ ገዛ? እነሱን እያቸው። መጀመሪያ ላይ መልስ የሚጽፉት ሦስት ወይም አራት ሰዎች ይሆናሉ። ስማቸውን ያዢ።

«ሁሉንም ልተወው?» ላልሽውም እንዳልሸሸሁ እወቂ። መተው ትችያለሽ። ግን የምትተዪው ከመጻፍሽ በፊት እንዳይሆን። እስካሁን የላክሽው አንድ ደብዳቤ ነው፤ እሱም አንቺን አይመስልም። ለሦስት ወር፣ በየሁለት ሳምንቱ፣ አንቺን የሚመስሉ ስድስት ደብዳቤዎች ጻፊ። ከዚያ በኋላ ከጠላሽው ያኔ እንነጋገር።

ዛሬ ማታ ግን ሌላ ምንም አትንኪ። የዚያችን ሴት ቀን ፈልጊና መልሺላት። ከመላክሽ በፊት ባለቤትሽን ጥሪውና አንብቢለት። እሷ ከመለሰችልሽ ምን እንዳለችሽ ጻፊልኝ፤ እጠብቃለሁ።